አሸናፊ ከበደ፤ ዋሽንትን ዩኒቨርሲቲ ያስገቡ ሰው

ዋሽንት ሲነፋ ሰምቶ ልቡ ወደ ገጠር የማይሸፍት ኢትዮጵያዊ ማግኘት ያስቸግራል። ከሸምበቆ ተቆርጦ አራት ቀዳዳ የተበጀለት ይህ የእረኛ መሣሪያ፣ በሬዲዮ ስለ ገበሬ በተወራ ቁጥር ከበስተኋላ ሲንቆረቆር እየሰማን ነው ያደግነው። ይሁን እንጂ ዋሽንት ራሱን የቻለ እውቀት ነው፣ አጥንቶ ለዶክትሬት ያበቃል ብንባል ስንቶቻችን እናምናለን? እኔም ብሆን ለረጅም ጊዜ ከማያምኑት ወገን ነበርኩ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ነው። ዛሬ ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደን ላነሳ የወደድኩትም ለዚሁ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።

አሸናፊ የተወለዱት በ1938 ነው። በዚያ ዘመን ሙዚቃ እንደ ሙያ የሚቆጠር ነገር አልነበረም። ጆሯችን ዘፈኑን ይወድዳል፣ አፋችን ግን ዘፋኙን ያማል። ለሠርግና ለግብዣ አዝማሪ ይጠራል፤ ልጄን ለአዝማሪ እድራለሁ የሚል ግን አይገኝም። ልጁ ሙዚቃ ልማር ቢል የሚደነግጠው ቤተሰብም ብዙ ነበር። አሸናፊ ይህን ሁሉ አልፈው አሜሪካ ተሻገሩና፣ ኒውዮርክ ግዛት ሮቸስተር ከተማ በሚገኘው በታዋቂው የኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው በ1962 ተመረቁ።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ የጠበቃቸው ሥራ ቀላል አልነበረም። ዛሬ በቅዱስ ያሬድ ስም የምንጠራውን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከ1963 እስከ 1968 በዳይሬክተርነት መርተዋል። ሥራውን ሲጀምሩ ዕድሜያቸው 25 ዓመት ቢሆን ነው። የዚህ ትምህርት ቤት ትልቁ ቁም ነገር፣ ፒያኖና ቫዮሊን ከክራር፣ ከማሲንቆና ከዋሽንት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሰጡበት መሆኑ ነው። የፈረንጁን ለመማር የራስን መጣል፣ የራስን ለመጠበቅም የፈረንጁን መሸሽ አያስፈልግም ማለት ነው። በዚሁ መሀል በ1964 "ኮንፌሽን" የተሰኘ ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ አሳትመዋል።

ስማቸውን ከአገር ውጭ ያስጠራው ግን "እረኛው ባለዋሽንት" የተባለው ድርሰታቸው ነው። በ1967 ሃንጋሪ ዋና ከተማ ቡዳፔስት ሄደው ሥራቸውን ከአገሪቱ ኦርኬስትራ ጋር ራሳቸው እየመሩ አቀረቡ። ከዚያም ወዲህ ጥቁሩ ኮዳይ የሚል ቅጽል ተሰጣቸው። ዞልታን ኮዳይ ማለት ከባልደረባው ከቤላ ባርቶክ ጋር በየመንደሩ እየዞረ የገበሬውን ዜማ የሰበሰበ፣ የአገሩን የሙዚቃ ትምህርትም በሕዝብ ዜማ ላይ እንዲቆም ያደረገ የሃንጋሪ የሙዚቃ ደራሲ ነው። የሃንጋሪ የጥንት የገበሬ ዜማ እንደ እኛው በአምስት ድምፅ የተዋቀረ ነው። የቡዳፔስት ሰው የእረኛችንን ዋሽንት እንደ ባዕድ ያላየው አንድም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ዋሽንትን ወደ ኦርኬስትራ መውሰድ ደግሞ ዜማውን በወረቀት ላይ ገልብጦ መጨረስ አይደለም። ፒያኖ ድምፆቹን በእኩል ርቀት ከፋፍሎ የቆለፈ መሣሪያ ነው። ዋሽንት ሠሪው ቀዳዳውን የሚያበጀው በእጁ ልክ ነው፤ የጎደለውን ነፊው በትንፋሹ ይሞላዋል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የምንላቸው ቅኝቶች ለዛቸውን የሚያገኙት ከዚህ ዓይነቱ ስስ ልዩነት ነው። ይህን የፈረንጅ ኖታ ሙሉ በሙሉ አይዘውም። ስለዚህ የእኛን ሙዚቃ በቁም ነገር የሚይዝ ደራሲ ውሎ አድሮ ወደ ተመራማሪነት መሄዱ አይቀርም።

አሸናፊም የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። በ1968 ዳይሬክተርነቱን ትተው ኮነቲከት ወደሚገኘው ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ አመሩ። ዌስሊያን የእስያና የአፍሪካ ሙዚቃ ከአውሮፓው እኩል የሚጠናበት ስፍራ ነበር። እዚያ በ1969 ማስተርሳቸውን፣ በ1971 ደግሞ በኢትዮጵያ ሙዚቃ ላይ በሠሩት ጥናት ዶክትሬታቸውን አገኙ። ሦስት ዓመት ሳይቆይ የ1974ቱ አብዮት ፈነዳ፤ ለብዙ ምሁራንም የመመለሻው መንገድ ጠበበ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወታቸው የመምህር ሕይወት ነው። ኒውዮርክ በኩዊንስ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1980 የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲን የሙዚቃ መምህራን ተቀላቀሉና እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚያው ቆዩ። ነገሩን ልብ ብሎ ላየው ሰው ይህ ተራ የሥራ ቅጥር አይደለም። እረኛው ከብት እየጠበቀ የሚነፋው ዋሽንት፣ ሰው ሲያማው የኖረው አዝማሪ፣ የሰይጣን መሣሪያ ነው እየተባለ ሲወገዝ የኖረው ክራር፣ ፈተና የሚሰጥበትና ነጥብ የሚያዝበት ትምህርት ሆነ ማለት ነው። ስለ ክራር በ1977፣ በከተማ ስለሚሰማው ዘመናዊ ሙዚቃችን ደግሞ በ1976 የጻፏቸው ጥናቶች በታወቁ የምርምር መጽሔቶች ወጥተዋል። በ1982 የታተመው መጽሐፋቸው የጥቁር አሜሪካውያንን ሙዚቃ ከአፍሪካ ሥሩ ጋር አያይዞ የሚተነትን ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ኪሳራ አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ፍሎሪዳ ያገኘቻቸው እኛ ስላጣናቸው ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት አዲስ አበባ ላይ ስንት ደራሲ፣ ስንት ተመራማሪ ያፈሩ ነበር ብዬ ሳስብ ይቆጨኛል። ኦርኬስትራ የመሩት ሰው ዛሬ ከድርሰታቸው ይልቅ በጥናታቸው መታወቃቸውም እንዲሁ። ቢሆንም አገር ለቆ የሄደ ሁሉ አገሩን ጥሎ ሄደ ማለት እንዳልሆነ የእሳቸው ታሪክ ምስክር ነው። እሳቸው ዋሽንቱን ይዘው ነው የሄዱት።

ፕሮፌሰር አሸናፊ ያረፉት በ1998፣ 60ኛ ዓመታቸውን በደፈኑ በማግስቱ ነው። የመሩት ትምህርት ቤትም በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኗል። ስለዚህ ዋሽንት በአገሩም ዩኒቨርሲቲ ገብቷል ማለት እንችላለን። የቀረው የእኛ ዕዳ ነው። ዋና ዋና ጥናቶቻቸው የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ የተጻፉት ግን ስለ እኛ እረኛ፣ ስለ እኛ አዝማሪ፣ ስለ እኛ ደብተራ ነው። እነዚህን ሥራዎች በአማርኛ ማንበብ፣ "እረኛው ባለዋሽንት"ንም በገዛ አገሩ አዳራሽ ደጋግሞ ማሰማት ለሐውልት ከሚወጣው ወጪ ያነሰ፣ ጥቅሙ ግን የላቀ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን።