ጆን ቤሉሺ፦ ሚሊዮኖችን አስቆ በ33 ዓመቱ ያረፈው ተዋናይ

አሜሪካዊው ተዋናይ ጆን ቤሉሺ በምድር ላይ የኖረው 33 ዓመት ብቻ ነው። በሙያው የቆየው ደግሞ ከዐሥር ዓመት ብዙም አይበልጥም። በዚያች አጭር ዘመን በመድረክ፣ በቴሌቪዥን፣ በሙዚቃና በፊልም ስሙ ገነነ። የገነነበትን ያህልም በፍጥነት ተቀጠፈ።

ቤሉሺ የተወለደው እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 24 ቀን 1949፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 16 ቀን 1941 ዓ.ም፣ በቺካጎ ከተማ ነው። አባቱ ከአልባኒያ የገጠር መንደር ተነሥተው ወደ አሜሪካ የተሰደዱ፣ ምግብ ቤት እያስተዳደሩ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሰው ነበሩ። እናቱም ከአልባኒያ ስደተኞች የተወለዱ ናቸው። በቺካጎ አቅራቢያ በምትገኘው ዊተን ያደገው ጆን፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን አምበል ነበር። የኋላ ባለቤቱን ጁዲትንም ያወቃት በተማሪነት ዘመኑ ነው።

እ.ኤ.አ በ1971 በቺካጎ ታዋቂ ወደ ኾነው ሰከንድ ሲቲ ወደተባለው የአስቂኝ ቴአትር ቡድን ተቀላቀለ። የዚህ ቡድን ተዋንያን ከተመልካች በተሰጣቸው ሐሳብ ላይ ተመሥርተው ያለ ጽሑፍ፣ እዚያው መድረክ ላይ ጨዋታ የሚፈጥሩ ናቸው። ቤሉሺ የሌሎችን አካሄድና አዘፋፈን በማስመሰል ተደነቀ። በ1973 ወደ ኒውዮርክ አቀና። በጥቅምት ወር 1975 ሳተርዴይ ናይት ላይቭ የተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ተዋንያን አንዱ ኾነ። ዝግጅቱ ቅዳሜ ሌሊት በቀጥታ ይተላለፍ ስለነበር የተሳሳተ ተዋናይ የሚታረምበት ዕድል አልነበረውም።

በፊልም ዓለም ስሙን የተከለው ግን በ1978 የወጣው አኒማል ሐውስ ነው። ታሪኩ በ1962 በአንድ ምናባዊ ኮሌጅ ውስጥ ያጠነጥናል። ሥርዓት የለሽ የኾነ የወንድ ተማሪዎች ማኅበርን ከግቢው ለማባረር ከቆረጠው ኃላፊ ጋር ያጋጥማል። ስካር፣ ረብሻና ብልግና የሞላበት በመኾኑ፣ ዕድሜያቸው ከ17 ዓመት በታች የኾኑ ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ እንዳያዩት ገደብ ተጥሎበት ነበር። ጽሑፉን ያነበቡ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢያቸውን ለቀረጻ ለመፍቀድ አልወደዱም። በመጨረሻ በራቸውን የከፈቱት የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ኀላፊዎች ናቸው።

ቀረጻው በ1977 መጸው ሲካሄድ ቤሉሺ የሳምንቱን መጀመሪያ በኦሪገን፣ ቀሪውን በኒውዮርክ የቴሌቪዥን ሥራው እያሳለፈ፣ በአሜሪካ ምዕራብና ምሥራቅ ጫፍ መካከል በአውሮፕላን ይመላለስ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ብሉቶ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ሲጫወት የተሰጠው ንግግር ጥቂት ነው። ሳቁን የፈጠረው በቅንድቡ፣ በዐይኑና በአካሉ ነው። በተማሪዎች መመገቢያ አዳራሽ ትሪውን ይዞ ያገኘውን ሁሉ እየጎረሰ የሚያልፍበት ትዕይንት ዛሬም ይታወሳል። ዳይሬክተሩ ጆን ላንዲስ የመሩት ይህ ፊልም ብዙ ተዋንያን ያሉበት ቢኾንም በተመልካች ልብ የቀረው በዋናነት ብሉቶ ነው። በ3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ ከ140 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ።

ቤሉሺ ከወዳጁ ዳን አክሮይድ ጋር ብሉዝ ብራዘርስ በሚል ስም ያወጣው የሙዚቃ አልበምም በ1979 መጀመሪያ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ኾነ። በዚያው ዓመት ቴሌቪዥኑን ተወ። በ1980 በዚሁ ስም የተሠራው ፊልም ወጣ።

ዝናው ሲያድግ ግን የኮኬይን ሱሱም አብሮት አደገ። አደንዛዥ ዕፅ እንዳይደርስበት የሚጠብቅ ሰው እስከመቀጠር ተደርሶ ነበር። ጠባቂው ባለበት ዘመን ሻል ይለው ነበር፤ ሲለየው ደግሞ ሱሱ ተመለሰ። በ1981 የሠራቸው ሁለት ፊልሞችም የቀደመውን ስኬት አላመጡለትም።

እ.ኤ.አ ማርች 5 ቀን 1982፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 26 ቀን 1974 ዓ.ም፣ በሎስ አንጀለስ በሚገኝ ሆቴል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። የሞቱ ምክንያት ኮኬይንና ሄሮይን በአንድነት ወደ ሰውነቱ መግባታቸው ነበር። መርፌውን የወጋችው ሴት ከዓመታት በኋላ ጥፋተኛ ተብላ ታሥራለች። ቀብሩ በማርታስ ቪንያርድ ደሴት በአልባኒያ ኦርቶዶክስ ሥርዓት ተፈጸመ፤ አክሮይድም በሞተር ብስክሌት ከፊት ኾኖ አስከሬኑን ሸኘ። አክሮይድ ለወዳጁ አስቦ ይጽፈው የነበረውን ጎስትበስተርስ የተባለውን ፊልም ሌላ ተዋናይ ሠራው።

አኒማል ሐውስ በ2001 ሊጠበቁ ከሚገባቸው የአሜሪካ ፊልሞች መዝገብ ገብቷል። ቤሉሺን የሚያውቁት ሁሉ ሳቁን ወርሰዋል፤ ባለቤቱ፣ ወላጆቹና ወንድሞቹ ግን ኀዘኑን ተሸከሙ። ገንዘብ፣ ዝናና የወዳጅ ብዛት ነበረው፤ ሦስቱም ከሱስ አላዳኑትም።