ከኩርኩም በፊት አንድ ጥያቄ፦ የዣን ፒያዤ ታሪክ

አንድ ነገር ሞክሩ። ቤት ውስጥ የ5 ዓመት ልጅ ካለ ሁለት እኩል ብርጭቆዎች አምጡና ውሃ እኩል ቅዱባቸው። እኩል መሆናቸውን ካመነላችሁ በኋላ፣ እያየ፣ የአንዱን ውሃ ወደ ቀጭንና ረጅም ብርጭቆ ገልብጡት። ከዚያ የትኛው ይበዛል በሉት። ብዙውን ጊዜ ረጅሙን ያሳያችኋል። የ8 ዓመት እህቱን ብትጠይቋት ግን ትስቅባችኋለች። ምን ጨመራችሁበት፣ ምንስ ቀነሳችሁለት? ያው ነው!

በእነዚህ ሦስት ዓመታት ውስጥ ምን ተፈጠረ? ቁጭ አድርጎ ስለ ውሃው ያስተማራት የለም። ይህን የልጆች አስተሳሰብ ለውጥ ዕድሜ ልኩን ሲያጠና የኖረው ሰው ዣን ፒያዤ ይባላል። ዛሬ የእሱን ታሪክ እናካፍላችሁ።

ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1896 ስዊዘርላንድ ውስጥ ኑሻቴል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። እናቱ በአእምሮ ጤና ችግር ትሰቃይ ስለነበር ቤቱ ሰላም አልነበረውም፤ እሱም ገና በልጅነቱ ሥራ ውስጥ ተደበቀ። 11 ዓመት ገደማ ሲሆን መናፈሻ ውስጥ ስላያት ነጭ ድንቢጥ አጭር ጽሑፍ አሳተመ። ቀጥሎ ከትምህርት ቤት ሲወጣ እየሄደ የከተማውን ሙዚየም ኃላፊ ማገዝ ጀመረ፤ ሥራው የቀንድ አውጣ ዛጎሎችን መለየትና ስም መለጠፍ ነበር። በ1918 ዶክትሬቱን የያዘውም በዚሁ በቀንድ አውጣና በዘመዶቹ ላይ ነው። በሳይኮሎጂ አይደለም!

ታዲያ ወደ ልጆች እንዴት መጣ? ነገሩ ወዲህ ነው። ፓሪስ ሄዶ ሥራ ሲፈልግ፣ የልጆችን የማሰብ ችሎታ የሚለካ ፈተና ለተማሪዎች እየሰጠ ውጤቱን እንዲመዘግብ ተቀጠረ። የሚፈለግበት ትክክለኛ መልሶችን መቁጠር ብቻ ነበር። ፒያዤ ግን ዓይኑ የተሳሳቱት ላይ ቀረ። በአንድ ዕድሜ ያሉ ልጆች የሚሳሳቱት በተመሳሳይ መንገድ ነበር። እንዲሁ በግምት ቢሆን ኖሮ ስህተቱ የተበታተነ ይሆን ነበር። ስለዚህ ልጁን ወደ ጎን ወስዶ እንዴት እዚያ መልስ ላይ እንደደረሰ በጨዋታ መልክ ይጠይቀው ጀመር። ሕይወቱን የቀየረው ይህች ልማድ ናት።

በ1921 ጄኔቫ ወደሚገኘው የሩሶ ተቋም ገባ። እዚያ ከልጆች ጋር ብይ መጫወት ጀመረ። እውነታችንን ነው! ሕጉን እንደማያውቅ ሆኖ አስረዱኝ ይላቸዋል፤ ሕጉን ማን እንዳወጣው፣ መቀየር ይቻል እንደሆነም ይጠይቃቸዋል። ትንንሾቹ ሕጉ ከትልልቆች የመጣ ስለሆነ አይነካም ባዮች ነበሩ። 10 እና 11 ዓመት የሞላቸው ግን ሁላችን ከተስማማን ይቀየራል ይሉታል።

ሌላም ጥያቄ ነበረው። አንዱ ልጅ በር ሲከፍት ሳያውቅ 15 ሲኒ ሰበረ። ሌላው ማርማላታ ሊሰርቅ ሲንጠራራ አንድ ሲኒ ሰበረ። የባሰ ያጠፋው ማን ነው? ትንንሾቹ 15 የሰበረው ላይ ሲፈርዱ፣ ከፍ ያሉት ግን ሐሳቡን መመዘን ይጀምራሉ።

በ1923 ቫለንቲን ሻትኔን አገባ። ሦስት ልጆች ወለዱ፤ ሁለቱም የልጆቻቸውን እያንዳንዱን እንቅስቃሴ እየተከታተሉ ይመዘግቡ ነበር። በኋላም እንደ ቤርቤል ኢንሄልደር ካሉ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የውሃውን ዓይነት ሙከራዎች በብዛት ሠራ።

ከዚህ ሁሉ ሥራ ከ7 እስከ 11 ዓመት ስላለው ዕድሜ አንድ ሥዕል ወጣ። በዚህ ዕድሜ ልጁ የሚያየውን ነገር በአእምሮው መመለስ ይችላል፤ ውሃው ወደ ቦታው ቢገለበጥ እኩል እንደሚሆን ይገባዋል። ሦስት እንጨቶች ስጡት፣ ከአጭር ወደ ረጅም ይደረድርላችኋል። ግን በቃል ብቻ፣ አበበ ከከበደ ይረዝማል፣ ከአልማዝ ደግሞ ያጥራል፣ ታዲያ ረጅሙ ማነው ስትሉት ሊደናገር ይችላል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ሐሳቡ ገና የሚጨበጥ ነገር ስለሚፈልግ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እኛ አገር ልጅ አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመቱ ነው፤ ማለትም ልክ ይህ ለውጥ ሲጀምር። ስንቶቻችን ነን በዚያ ዕድሜ ሒሳብ ስተን ደደብ የተባልን? ስንቶቻችንስ ነን ዛሬ ለታናናሾቻችን ያንኑ የምንደግመው?

ፒያዤም ፍጹም አልነበረም። በ1974 የታተመ አንድ ጥናት ሙከራውን ቀየር አደረገው፤ የተደረደሩትን ዕቃዎች የሚያዘበራርቀው አዋቂ ሳይሆን የሚረብሽ አሻንጉሊት ድብ ሆነ። ያኔ ብዙ ትንንሽ ልጆች በትክክል መለሱ። ሜክሲኮ ውስጥ ደግሞ ከጭቃ ጋር ያደጉ የሸክላ ሠሪ ልጆች የጭቃውን ጥያቄ ከእኩዮቻቸው ቀድመው እንደሚመልሱ ታይቷል። ስለዚህ 7 ዓመት የማይነቃነቅ አጥር አይደለም፤ ልምድም፣ የጥያቄው አቀራረብም ለውጥ ያመጣል።

አሜሪካ ሄዶ ንግግር ባደረገ ቁጥር ልጆችን እንዴት ማፍጠን ይቻላል እያሉ ይጠይቁት ነበር። እሱ ግን ጥድፊያው አይገባውም ነበር። ልጅ በራሱ እጅ ነክቶ፣ ሞክሮ፣ ተሳስቶ የሚደርስበት ነገር አለ ብሎ ያምን ነበር።

ፒያዤ በመስከረም 1980 እ.ኤ.አ. በ84 ዓመቱ ጄኔቫ ውስጥ አረፈ። ትቶልን ከሄደው ሁሉ ማንም ዛሬ ማታ ሊሠራበት የሚችለው አንድ ነገር ነው። ታናሽ ወንድማችሁ የቤት ሥራውን ተሳስቶ ሲመጣ፣ ከኩርኩሙ በፊት እንዴት እንዳሰበው ጠይቁት። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙት።

የውሃውን ነገር ቤት ውስጥ ከሞከራችሁ ልጁ ምን እንዳለ ጻፉልን። ቸር እንሰንብት!