ጄምስ ሃርዲና የመጀመሪያው የእንስሳ ልብ ንቅለ ተከላ

አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ጄምስ ሃርዲ እ.ኤ.አ. በ1918 በአላባማ ግዛት ተወለዱ። ሕክምናን በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተምረው፣ በ1955 በጃክሰን ከተማ የሚገኘውን የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የቀዶ ሕክምና ክፍል መምራት ጀመሩ። በ1963 የመጀመሪያውን የሰው ሳንባ ንቅለ ተከላ አከናወኑ፤ ታማሚው 18 ቀናት ኖሩ።

ወደ ልብ ሲሸጋገሩ እንቅፋት የሆነባቸው የሙያ ጉድለት አልነበረም፤ ቡድናቸው ዘዴውን በእንስሳት ላይ ለዓመታት ተለማምዶታል። የታጣው ለጋሽ ነው። በዚያ ዘመን ሞት የሚረጋገጠው በልብ መቆም ስለነበር፣ አንጎሉ ፈጽሞ የተጎዳ ሰው እንኳ ልቡ እየመታ ሳለ ለጋሽ ሊሆን አይችልም ነበር። በኒው ኦርሊንስ ደግሞ ኪት ሪምትስማ የቺምፓንዚ ኩላሊት ለሰዎች መትከል ጀምረዋል። ሃርዲ ይህን ሥራ ተመልክተው ለመጠባበቂያ ቺምፓንዚዎችን ገዙ።

በጃንዋሪ 1964 አንድ የ68 ዓመት ሰው በከባድ የልብ ድካም ራሳቸውን ስተው ማዕከሉ ገቡ። ለልገሳ የታሰበው፣ አንጎሉ ክፉኛ የተጎዳ ወጣት ልብ ገና ይመታል፤ የተቀባዩ ግን ሊቆም ተቃርቧል። ሃርዲ የባልደረቦቻቸውን ሐሳብ ጠይቀው የቺምፓንዚውን ልብ ተከሉ። ልቡ መምታት ቢጀምርም ወደ እርሱ የሚመለሰውን የደም ብዛት ለመግፋት አቅም አነሰው፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ውስጥም ደከመ። ለመክሸፉ የተሰጠው ምክንያት የልቡ ትንሽነት እንጂ የሰውነት መከላከያ እምቢታ አይደለም፤ ያን ለማየት ጊዜውም አልበቃ።

ከልቡ መጠን ይልቅ የሚከብደው የወረቀቱ ነገር ነው። ታማሚው ራሳቸውን ስለሳቱ የስምምነት ቅጹን ዘመድ ፈረሙላቸው። ቅጹ የልብ ንቅለ ተከላ ከዚያ በፊት በማንም ላይ እንዳልተደረገ ይገልጻል፤ ልቡ ከእንስሳ ሊወሰድ እንደሚችል ግን አንዳች አይናገርም። የመጀመሪያው መግለጫም የለጋሹን ምንነት ሳያስረዳ በመውጣቱ፣ ልቡ የሰው ነው ተብሎ ተወራ። ሃርዲ ብዙም ሳይቆዩ ሥራቸውን ለሙያ ጉባኤ ሲያቀርቡ የገጠማቸው ቅዝቃዜና ትችት ነበር። በ1967 በኬፕ ታውን ክርስቲያን ባርናርድ የሰውን ልብ ለሰው ሲተክሉ የሃርዲ ስም ወደ ጎን ቀረ።

ሃርዲ በ1987 ጡረታ ወጥተው በ2003 አረፉ። በ2022 በባልቲሞር ጂኑ የተለወጠ የአሳማ ልብ ለአንድ ሰው ተተከለ፤ አሳማ ከተመረጠባቸው ምክንያቶች አንዱ ልቡ በመጠን ከሰው ልብ ጋር መቀራረቡ ነው። እኒህ ታማሚ ሁለት ወር ኖሩ፤ ስለ ልቡ ምንጭ ተነግሯቸው የተስማሙትም ራሳቸው ነበሩ።