የደከመ አፈር ያዳኑት መምህር

ልጆች፣ የረገፈ ቅጠል ቆሻሻ ይመስላችኋል? ለጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር ግን ሀብት ነበር።

ካርቨር በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ፣ ሚዙሪ ውስጥ በባርነት ከነበረች እናት ተወለዱ። እናታቸውን ያጡት ሕፃን ሳሉ ነው። ትምህርት ፍለጋ ብዙ ተንከራተው፣ በ1896 አላባማ በሚገኘው ተስኪጊ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኑ። የአካባቢው መሬት በየዓመቱ ጥጥ ብቻ እየተዘራበት ደክሞ ነበር። ድሆቹ ጥቁር ገበሬዎች ደግሞ ማዳበሪያ መግዣ አልነበራቸውም። ካርቨርም የጫካ ቅጠልና የበረት ፍግ ከምረው እንዲያበሰብሱ፣ ከዚያም ከአፈሩ ጋር እንዲቀላቅሉ አስተማሯቸው። በ1906 ትምህርቱን በጋሪ ጭነው እስከ ገጠሩ ማድረስ ጀመሩ። ያረፉት በ1943 ነው።

እናንተም ከወላጆቻችሁ ጋር ጓሮ ጥግ ሞክሩት፦ አንድ እጅ የአትክልት ልጣጭ፣ ሁለት እጅ ደረቅ ቅጠል። እንዳይደርቅ ውኃ አርከፍክፉ፣ አልፎ አልፎ አገላብጡት። ሥጋና ወተት ግን አትጨምሩ። ከወራት በኋላ ጥቁር፣ ለም አፈር ታገኛላችሁ።