ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ

በዛሬው ትምህርታችን በሃይማኖቷ ጸንታ የኖረችውን የእናታችንን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ታሪክ እንማራለን።

ወለተ ጴጥሮስ የተወለደችው በ1584 ዓ.ም ገደማ ነው። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ። በተድላ አደገች። ለአካለ መጠን ስትደርስም መልክአ ክርስቶስ ለሚባል የአፄ ሱስንዮስ ሹም ተዳረች። ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት።

በዚያ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጡ የካቶሊክ መምህራን ንጉሡን ወደ ሃይማኖታቸው ሳቧቸው። ይህን የተቃወሙት ጳጳስ አቡነ ስምዖን በ1609 ዓ.ም ተገደሉ። መልክአ ክርስቶስ ከንጉሡ ወገን ነበር። ወለተ ጴጥሮስ ይህን ባወቀች ጊዜ ባሏን፣ ወርቋንና ቤቷን ትታ መነኰሰች።

በ1614 ዓ.ም ንጉሡ የሮማን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ፤ ሕዝቡም እንዲቀበል አዘዙ። ወለተ ጴጥሮስ ግን አባቶች ያስተማሩትን የተዋሕዶን ሃይማኖት እንዳይተው ሕዝቡን ትመክር ነበር። ስለዚህም ተይዛ በንጉሡ ፊት ቆመች። የካቶሊክ መምህራንም እየተመላለሱ ተከራከሯት፤ እርሷ መልስ ሰጠች እንጂ አልተበገረችም። በመጨረሻ ዠበይ ወደሚባል ቆላ አገር አጋዟት። በዚያም ሦስት ዓመት በረኀብና በሐሩር ተሠቃየች። ሆኖም ብዙዎች እየተከተሏት መጡ፤ የግዞት ቦታዋም የጸሎት ቦታ ሆነ።

በ1624 ዓ.ም አፄ ሱስንዮስ ሕዝቡ ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ፈቀዱ። ወለተ ጴጥሮስም በጣና ሐይቅ አካባቢ ከወዳጇ ከእኅተ ክርስቶስ ጋር መነኰሳትንና መነኰሳይያትን እያስተማረች ኖራ፣ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም በ50 ዓመቷ ዐረፈች። በጣና ዳር ያለው የቆራጣ ገዳም እስከ ዛሬ በስሟ ይጠራል።

ልጆች፣ ወለተ ጴጥሮስ የጸናችው ስለ ግትርነት አይደለም፤ የምታምነውን ታውቅ ስለ ነበር ነው። ያላወቁትን ነገር ይዞ መጽናት አይቻልም። ጓደኛችሁ ለምን ረቡዕና ዓርብ እንደምትጾሙ ቢጠይቃችሁ ምን ትመልሳላችሁ? አትቆጡ፤ አትፈሩም። መልሱን የማታውቁ ከሆነ መምህራችሁን ጠይቃችሁ ተማሩ። ያን ጊዜ ሃይማኖታችሁ ከወላጆቻችሁ የተቀበላችሁት ብቻ ሳይሆን የራሳችሁም ይሆናል።

የእናታችን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በረከቷ ይደርብን፤ አሜን።

ጥያቄ
1. ወለተ ጴጥሮስ ስለ ሃይማኖቷ ምን ምን ተወች?
2. የግዞት ቦታዋ የጸሎት ቦታ የሆነው እንዴት ነው?
3. በሃይማኖት ለመጽናት መማር ለምን ያስፈልጋል?