ኬቮርክ ናልባንዲያንና አርባዎቹ ልጆች

የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደራሲ ኬቮርክ ናልባንዲያን እ.ኤ.አ. በ1887 በኦቶማን ግዛት ሥር በነበረችው በአይንታብ ከተማ ተወለዱ። ከተማዋ የዛሬዋ የቱርክ ጋዚያንቴፕ ስትሆን፣ በዚያን ዘመን በርካታ አርመናውያን ይኖሩባት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1915 የተጀመረው የአርመናውያን የዘር ጭፍጨፋ ያን ሕዝብ ከነቀዬው ነቀለው። በርካታ የታሪክ ምሁራን የሟቾቹን ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ያደርሱታል። ከዕልቂቱ የተረፉ ወላጅ አልባ ሕፃናት በየአገሩ ሲበተኑ፣ ከፊሎቹ በኢየሩሳሌም የአርመን የቅዱስ ያዕቆብ ገዳም ተጠለሉ።

አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። በገዳሙም የእነዚህን ልጆች የሙዚቃ ጓድ ተመለከቱ። በሁኔታቸው ልባቸው ስለተነካና በሙያቸውም ስለተደሰቱ፣ ከአርመን ፓትርያርክ ጋር ተስማምተው አርባውን ልጆች ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት ወሰኑ። ልጆቹ ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። በሕዝቡም ዘንድ "አርባ ልጆች" ተብለው ታወቁ።

የዚህ ጓድ መሪና አስተማሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ በተገኙ የናስ መሣሪያዎች የተጀመረው የማርሽ ሙዚቃ በአርባዎቹ ልጆች አማካይነት ይፋዊ የመንግሥት ኦርኬስትራ ለመሆን በቃ።

ናልባንዲያን በአልጋ ወራሹ ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ1926 የመዝሙሩን ዜማ ደረሱ። ግጥሙ የደብረ ኤልያስ ተወላጅ የሆኑት የባለ ቅኔው የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። የአይንታቡ ስደተኛና የጎጃሙ ሊቅ የተጣመሩበት ይህ መዝሙር ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ላይ ተሰማ። ዘውዳዊው ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. እስካበቃ ድረስም የአገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ አገልግሏል።

አርመናውያን ከኢትዮጵያ ጋር የነበራቸው ግንኙነት በእነዚህ ልጆች አልተጀመረም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የእቴጌ እሌኒን መልእክት ለፖርቱጋል ንጉሥ ያደረሰው ማቴዎስ አርመናዊ እንደነበረ ይነገራል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ደግሞ የሰርኪስ ቴርዚያን ስም ወደ አዲስ አበባ ባስመጡት "የሰርኪስ ባቡር" ከሕዝብ አንደበት አልጠፋም። አርባዎቹ ልጆች ግን በንግድ ወይም በመልእክት ሳይሆን፣ አገርና ወላጅ አጥተው ሁለተኛ አገር ፍለጋ በመምጣታቸው ይለያሉ።

ኬቮርክ ናልባንዲያን እ.ኤ.አ. በ1963 አርፈዋል። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር በተባለው ተቋም፣ በርካታ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞችን አሠልጥነዋል፤ የአማርኛ ዘፈኖችንም ለዘመናዊ ኦርኬስትራ በማቀናበር ለሙዚቃው ዕድገት ትልቅ አስተዋጽኦ አበርክተዋል።

በአንድ ወቅት ከአንድ ሺህ በላይ ይደርስ የነበረው የአርመን ማኅበረሰብ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በእጅጉ ተመናምኗል። ይሁንና በአዲስ አበባ የአርመን ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም አለ። በዓለም ዙሪያ ያሉ አርመናውያን በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን ሰማዕታቱን ሲዘክሩ፣ በኢትዮጵያ ለተወለዱት የልጅ ልጆች ያ መታሰቢያ ሁለት ገጽ አለው። አንደኛው የጠፋው የአያቶች አገር ሐዘን ነው። ሁለተኛው በሩን የከፈተ አገር ውለታ ነው።

ያ መዝሙር ዛሬ በአደባባይ አይዘመርም፤ ሥርዓቱም አልፏል። ከዕልቂት የተረፈ ሰው ለተቀበለው ሕዝብ የደስታ ዜማ መስጠቱ ግን ከመንግሥታት መለዋወጥ ጋር የሚሻር ታሪክ አይደለም። የአርባዎቹን ልጆች ስምና ሥራ የያዙ ሰነዶችን፣ ፎቶግራፎችንና የዜማ ጽሑፎችን መጠበቅ ለተወላጆቻቸው ብቻ የተተወ ኃላፊነት ሊሆን አይገባም፤ የኢትዮጵያም ቅርስ ናቸውና።