ይድነቃቸው ተሰማ

እዚህ ዋጃ ማታ ማታ ልጆቻችን ኳስ ሲጫወቱ አቧራውን እንጂ ጨዋታውን ልብ አንለውም። የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን ታሪክ ካነበብኩ ወዲህ ግን እኔ ቆሜ ማየት ጀምሬያለሁ።

በ1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረፁ ዝነኛ ነበሩ። ልጃቸው በ1928 ዓ.ም. ለተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫወቱ (የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ቁጥሩን ሁለቴ አየሁት)፤ ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል።

በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር አቀላቅላ አላሰልፍም በማለቷ ከመጀመሪያው ዋንጫ ቀረች። እርሳቸውም የዘር መድልዎን እስከ መጨረሻው ታገሉ።

እኔን የነካኝ ግን የ1954ቱ ነው። ያኔ የቡድኑ አሠልጣኝ ነበሩ። አንበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ናቸው። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሌላ ተጫዋች ይቀበል የሚል ግፊት ከላይ ሲመጣ አቶ ይድነቃቸው እምቢ አሉ። ቀላል እምቢታ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን እንጀራ ያሳጣል። ጥር 13 ቀን አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፍን፤ ዋንጫውንም ሉቺያኖ ተቀበለ።

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መሩ። ነሐሴ 1979 ዓ.ም. ሲያርፉም በዚያው ሥራ ላይ ነበሩ።